ከረባት የሚወልቅበት ገጽ

«ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ፦ ከዛሬ ማክሰኞ ጀምሮ የድርጅታችንን መጸዳጃ ቤት መጠቀም የሚችለው የዘንድሮ ግብሩን በእኛ በኩል ያስታወቀ ሰው ብቻ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን። ዶን ኤውሎሂዮ ፔራልታ፣ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ።»

ይህ ታላቅ አዋጅ ስደተኛ በሞላባት በሎውረንስ ከተማ፣ የግብርና የዜግነት ቅጽ በሚሞላበት ቢሮ ጸንቶ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ረቡዕ ጠዋት አዋጅ አውጪው ራሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ሰነድ የሚያትምበት ከባድ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ከረባት አለ። ከፊቱ የተዘረጋው የደንበኛው የፊዮርዳሊሳ የዜግነት ማመልከቻ ሲሆን፣ የተገለጠውም ስለ ግብር የሚጠይቀው ገጽ ነበር።

ፊዮርዳሊሳ ፖሊስ እንደሚፈልጋት የሰማችው በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ለአንዲት አሮጊት ካልሲ እያጠለቀች ሳለ ነው። የዜግነት ቃለ መጠይቋ በማግስቱ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር።

መርማሪ ካሲሚሮ ኡሬኛ የሟቹ ቢሮ ውስጥ ከረሜላ እያላመጠ ጠበቃት። አጭር፣ ባለ ቦርጭ፣ እንደ እሷው በአገር ቤት የባኒ ከተማ ልጅ ነው።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ለቃለ መጠይቁ እያለማመደኝ ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። ጌታዬ… አሁን ታስሬያለሁ?»

«ተቀምጠሻል።»

«መቀመጥ እንደ መታሰር ይቆጠራል? ‹ታስረው ወይም ተይዘው ያውቃሉ?› የሚል ጥያቄ አለ። እስከ ዛሬ ‹አላውቅም› ነው ያልኩት።»

መርማሪው ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ስትፈልጊ ውጪ፣ ልጄ። ያንን ቅጽ እኔም ሞልቼዋለሁ፤ ላቤ ጀርባዬ ላይ እየወረደ። እንዴት ነበር የሚያለማምድሽ?»

ፊዮርዳሊሳ በሩን አየት አድርጋ መለሰች። «ከረባቱን ያጠልቅና ቃለ መጠይቅ አድራጊውን መኮንን ይሆናል። ሰላም ብለው እንኳን አይመልስም። አራት ጊዜ መጣሁ፣ አራቴም አስለቀሰኝ። የግብሩ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን በሩን ይዘጋል፤ ከረባቱን አውልቆ እዚያ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ‹ይኼ ልምምድ አይደለም፣ እውነቱን ንገሪኝ› ይላል።»

ከረሜላው ጉንጩ ውስጥ ቆመ። «ትናንትም አወለቀ?»

«ትናንትም።»

ውጭ ባለው ወንበር ላይ እንድትጠብቅ ነገራት። በሩ እንደተከፈተ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ የገባችው የሟቹ ሚስት፣ ዶኛ ኔሬይዳ ነበረች።

«ባለቤትዎ ጠላት ነበራቸው?»

«መጸዳጃ ቤት የከለከለው ሕዝብ ሁሉ!» አለችና እንባዋ አመለጣት።

«እርስዎንስ ለዜግነት አለማምደውዎታል?»

«እንዴታ! የግብሩ ገጽ ላይ ከረባቱን አወለቀና ‹የደበቅሽኝ ገቢ አለ?› አለኝ። ቤት ለቤት ፀጉር የምሠራበትን ነገርኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ።»

ቀጥሎ ዊልፍሪዶ ገባ፤ የሟቹ የእኅት ልጅ ነው፤ በፊት ለፊቱ ጠረጴዛ የደንበኞችን የግብር ቅጽ ይሞላል።

«አንተንስ አለማምዶህ ያውቃል?»

«እኔን? ኒው ዮርክ ነው የተወለድኩት፣ ወንድሜ! ማን ጠይቆኝ? አጎቴ ከረባት አስሮ ሰው ሲያስለቅስ በሩ ክፍት ሲሆን አያለሁ፣ በቃ። ትናንት በአሥር ሰዓት ወጣሁ፤ ጠዋት ስመጣ ሞቶ አገኘሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያም ተሰማ። «ያቺን ልጅ ያዛት። ሁለት ዓመት ግብር ሳታስታውቅ ቀርታ፣ ‹አልቀረሁም› ብላ ፈርማለች። ሲያፋጥጣት መታችው፤ ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ፊዮርዳሊሳ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ሁለት ዓመት? በየዓመቱ ፈርማለች እኮ! የሞላላትም ራሱ ዊልፍሪዶ ነው!

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ፊዮርዳሊሳ የቆሙት ለእሷ መሰላት።

«ገዳዩ ከረባቱን ከምስማሩ አንሥቶ ለሬሳው አጥልቆ ሥዕል ስሎልናል» አለ ካሲሚሮ። «ከረባት ያጠለቀ መኮንን፣ የተገለጠ የግብር ገጽ፣ የተፋጠጠች አመልካች። ያምራል። ግን በዚህ ቤት ከረባቱና ያ ገጽ ተገናኝተው አያውቁም። ፊዮርዳሊሳ ይህን ታውቃለች። ዶኛም ያውቃሉ። የማያውቀው በሩ ሲዘጋ ሁልጊዜ ውጭ የቀረ፣ ለማንም መልስ መስጠት ያላስፈለገው ሰው ነው።»

ዊልፍሪዶ ሳቀ። «አጎቴ ራሱ መልሶ አጥልቆት ቢሆንስ?»

«ሊያጠልቅ ይችላል። አንተ ግን ሁለት ዓመት መቅረቷን ከማን ሰማህ? ዶን ኤውሎሂዮ ከቃለ መጠይቅ በፊት የደንበኛውን የግብር ታሪክ ከመሥሪያ ቤቱ ያስመጣል። የእሷ፣ ሁለት ዓመት የጎደለው፣ ትናንት ከሰዓት ደረሰው። ዛሬ ጠዋት ከሬሳው የውስጥ ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አላሳየሁም።»

«ለእኔም ምንም አላለኝ» አለች ፊዮርዳሊሳ።

«ሊያስደነግጥሽ አልፈለገም። አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሞላልሽን ሰው ጠርቶ ጠየቀ። ያም መለሰለት፤ በብረቱ።» ወደ ዊልፍሪዶ ዞረ። «መሳቢያህን በፍርድ ቤት ፈቃድ ከፈትነው። የአሥራ አንድ ሰው የግብር ቅጽ፣ ተፈርሞ፣ ታሽጎ፣ ቴምብር ተለጥፎበት ተቀምጧል። አንዲት ሳንቲም አልሰረቅህም። ፖስታ ቤቱ እኮ መንገዱን ስትሻገር ነው!»

ዶኛ ኔሬይዳ «የእኅቱ ልጅ!» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ፖሊሶቹ ቀረቡ። የካቴናው ድምፅ ሲሰማ ፊዮርዳሊሳ ሳታስበው ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ነገ ‹ያልደረሰ አለ› ብለሽ እውነቱን ተናገሪ» አላት ካሲሚሮ ቀስ ብሎ። «የምርመራውን ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል፤ ምናልባትም ይከለክሉሽ ይሆናል። ውሸት ግን ጨርሶ ያጠፋሻል።»

«ለምን አልተላከም ሲለኝስ ምን እላለሁ?»

ፊዮርዳሊሳ ዊልፍሪዶ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ቴምብር ለጥፈህበታል፣ ዊልፊ። ነገ በሁለት ሰዓት እጄን አንሥቼ፣ ምዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ለምን አልላክኸውም?»

ዊልፍሪዶ አያት።

«አላብራራም» አለ።