አምባሰል ዳገት ላይ የተሸከምኩት ጀናዛ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ሰው ይተወው፣ አልጣላውም።

ሌሊት አልነበረም። ጅብ አልጮኸም፣ መብራት አልጠፋም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው... ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

ቦታው ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወደ አምባሰል ተራራ የሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ነው። አካባቢውን ዝናብ ከራቀው ቆይቷል። ቁልቋልና ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ አቧራ፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ሙነወር እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት መድኃኒት አደርሳለሁ። የማደርሰው በባትሪ በምትታገዝ ብስክሌት ነው። ሞተር ሳይክል አይደለችም። ስትረግጣት ታግዝሃለች፣ ካልረገጥካት ቆማ ታይሃለች። ዳገት ላይ አንድ ሰው ከኋላ ወገብህን ይዞ የሚገፋህ ይመስልሃል።

የባጃጅ ሹፌሮቹ "በቅሎዋ ገብስ በላች?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቤንዚን ሲጠፋ ግን እነሱ ጥላ ስር ተጋድመው እኔ አልፋቸዋለሁ። ያኔ የምቀልደው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀንም ቤንዚን አልነበረም።

እህቴ ሀውራ የምትኖረው ተራራው ላይ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት መጣሌ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ካልተወጋች አትቆምም።

ቀትር ላይ ባሏ ሀምዳን ደወለልኝ። መድኃኒቱ ካለቀ ሰንብቷል፣ እሷ ግን "አለኝ" እያለች ደብቃው ኖራለች። ጤና ኬላውም የለውም። አሁን ታስመልሳለች፣ ትንፋሿ ፈጥኗል፣ ሲጠሯት ቶሎ አትሰማም። የሚያወርዳት መኪና ፈልጎ አጣ። ሰው ሰብስቦ በቃሬዛ እንዳያወርዳት ደግሞ ወንዱ ሁሉ ገበያ ወርዷል።

"ቶሎ ድረስ" አለኝ።

ሀምዳን ቤት ቢቃጠል እንኳ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሰው ነው። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ሂዳያ ኢንሱሊኑን በረዶ ካለበት ፔርሙስ ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ። ሆስፒታል መግባትም ይኖርባታል፣ መጀመሪያ ግን ይሄ ይድረስላት አለችኝ። ስትናገር ዓይኔን አላየችም።

ፔርሙሱን ጀርባዬ ላይ አስሬ ወጣሁ።

አስፋልቱን ቶሎ ጨረስኩት። ጠጠሩ ላይ ዳገቱ ተጀመረ። ይህ መንገድ አንዴ ወጥተህ የምትገላገለው አይደለም። ትወጣለህ፣ የወጣኸውን ግማሹን መልሰህ ትወርደዋለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ባትሪ የሚያውቅ ሰው እየቆጠበ ነው የሚሄድበት። እኔ ግን እገዛውን እስከ መጨረሻው ከፍቼው ነበር። ስለ ባትሪ የማስብበት ልብ አልነበረኝም።

የመጀመሪያውን ዳገት አጋምሼ ኩርባውን ስዞር... ሰዎች አየሁ።

ጀናዛ ነው።

ከፊቴ ሆነው እንደ እኔ ወደ ላይ እየወጡ ነው። የማየው ጀርባቸውን ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ ወንዶች፣ መሐላቸው ቃሬዛ።

አገሬን ለማያውቅ ልንገረው። እኛ ዘንድ ጀናዛን ቆርጦ ማለፍ ነውር ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ከተቀመጠበት ይወርዳል። ትከሻህን ታስገባለህ፣ ጥቂት ትሸከማለህ፣ ሌላው መጥቶ ይቀይርሃል። ከዚያ መንገድህን ትሄዳለህ። የማን ሬሳ ነው ብለህ አታጣራም።

ቸኩያለሁ። ግን ለጥቂት እርምጃ ብዬ ነውረኛ ልሁን? ወረድኩ።

ብስክሌቷ ስትገፋት ራሷ ቀስ ብላ የምትራመድበት ቁልፍ አላት። በግራ እጄ እሱን ይዤ ደረስኩባቸው። ከኋላ የነበረው ሰውዬ ዞር ሳይል ገለል አለልኝ። ቀኝ ትከሻዬን አስገባሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ ዝምታው ነው። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" የሚል የለም። የሚያለቅስም የለም።

ከዚያ ወደ መሬት አየሁ። ያ ሁሉ እግር ይራመዳል... አቧራ አይነሳም። የሚነሳው አቧራ የእኔና የብስክሌቷ ብቻ ነው።

ቃሬዛውም ቀለለኝ። ሕፃን ይሆናል አልኩ። ግን ሕፃን በቃሬዛ አይሄድም፣ ሕፃን በክንድ ነው የሚወሰደው።

ቀና ብዬ አየሁ።

የላይኛው ጨርቅ ጠፍጣፋ ነበር። ከስሩ ምንም የለም።

ከፊቴ ያለውን ሰው በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

"ማነው ሟቹ?"

አልዞረም።

"ገና ነው።"

"ወዴት ነው የምትሄዱት?"

"አንተ ወደምትሄድበት።"

ያኔ ነው ሀምዳን ያለኝ ትዝ ያለኝ፤ ወንዱ ሁሉ ገበያ ነው... ታዲያ እነዚህ እነማን ናቸው?

"ቀይሩኝ" አልኩ።

መራመዳቸውን ቀጠሉ።

"ወንድሞቼ፣ የታመመ ሰው አለብኝ... ቀይሩኝ።"

ማንም አልቀረበም። ሳይቀየሩ ቃሬዛ ጥሎ መሄድ አገር የሚያወራው ነውር ነው። ግን የእህቴ መድኃኒት ጀርባዬ ላይ እየሞቀ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬን አወጣሁ።

ቃሬዛው ዘንበል እንኳ አላለም።

ብስክሌቷ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። በገደሉ ጠርዝ በኩል አልፌያቸው፣ ጫፉን ተሻግሬ ቁልቁለቱን ለቀቅኳት። ፍሬኑ እስኪሸት ድረስ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ሐፍረቱ ነበር። ጀናዛ ጥዬ ሮጥኩ።

ታች ደርሼ ሁለተኛውን ዳገት ጀመርኩ።

ከፊቴ ናቸው።

ያው ጋቢ፣ ያው ቃሬዛ፣ ያው ጀርባ... ወደ ላይ እየወጡ።

መንገዱ አንድ ነው። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው በኩል እንደ ግድግዳ የቆመ ድንጋይ። ሊቀድሙኝ የሚችሉበት አቋራጭ የለም። እዚያ መንገድ ላይ ነው ያደግኩት፣ ቢኖር አውቀው ነበር።

በዚህኛው ላይ አልወረድኩም። አንገቴን ደፍቼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ እየረገጥኩ በጎናቸው አለፍኩ። አንዴ ብቻ ቀና አልኩ። ፊት አላቸው፣ የሰው ፊት ነው። የቀን ሥራ ውለው የሚመለሱ ሰዎች ዓይነት ደክሟቸዋል። ስንት ዘመን ሳይቀየሩ እንደተሸከሙ እንጃ።

የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ።

ከፍ ብሎ አንዲት ግራር ስር ዑምኩልሱም የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠዋል። ከሩቅ ምንጭ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እያረፉ ነው። የእህቴ ጎረቤት ናቸው፣ ከልጅነቴ ያውቁኛል። ጀናዛ በዚህ አልፎ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እዚያ ከተቀመጡ ጀምሮ ከእኔ በቀር ነፍስ ያለው እንዳላለፈ ነገሩኝ።

ከዚያ ትከሻዬን አዩት።

"ምን ነካህ እዚህ ጋ?"

ዳሰስኩት። አፈር ነው። እርጥብ፣ ቀዝቃዛ አፈር... ጠብታ ዝናብ በሌለበት አገር።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተሸከምክ?"

"ጥቂት ነው እማማ።"

"ማን ቀየረህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። እሳቸው ጀሪካናቸውን ወደ ራሳቸው አስጠጉ።

"እንግዲያው ቀድመህ ድረስ" አሉኝ።

እኛ አገር የጨነቀውን ሰው "አብሽር" ሳይሉ አይሸኙትም። እሳቸው አላሉኝም። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ባትሪው ሞተ። ባትሪ የሞተባት ብስክሌት እንደ በሬ ትከብዳለች። ጥቂት ገፋኋት፣ አላዋጣኝም። ቁልቋል ስር ጣልኳትና ፔርሙሱን አቅፌ መሮጥ ጀመርኩ።

ያኔ ከኋላዬ ሰማሁት... እግር። የብዙ ሰው እግር፣ ሳይቸኩል።

ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፣ ደስ አለኝ። ከኋላዬ ናቸው! ቀድሜያቸዋለሁ። አልዞርኩም። "ያረቢ ቀድሜያቸዋለሁ" እያልኩ ሮጥኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ተረቱን ራሱን ልቀድመው እሮጥ ነበር።

ሀምዳን ከአጥሩ በር ላይ ነው የተቀበለኝ። ፔርሙሱን ነጥቆኝ ገባ። ተከትዬው ገባሁ። ሀውራ መደቡ ላይ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አለች! ሀምዳን ወጋት።

እኔ ወደ በሩ ተመለስኩ። ሁለት እጆቼን ግራና ቀኝ መቃኑ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። የሚገባ ካለ በእኔ ላይ ነው የሚገባው አልኩ።

ኮቴው መጣ። ከአጥሩ ጋ ደረሰ።

ቆመ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ብቻ ነው። ዶሮዎቹ ግን ጭረታቸውን ትተው፣ ሁሉም ወደ አጥሩ በር ዞረዋል።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ክንዴ ዝሎ ነበር።

"ሙኔ..."

ዞርኩ። ሀውራ ናት። መደቡ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ፊቷ ወዝ አለው፣ ሻሿን እያስተካከለች ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሄጄ እጇን ያዝኩት፣ ሞቃት ነው።

"እታለም፣ ተሻለሽ?"

"ደክሞሃል" አለችኝ። "ይሄን ሁሉ ዳገት በእኔ የተነሳ..."

"ምንም አልሆንኩ። ተኚ።"

ወደ በሩ አየች።

"ሰዎቹ ቆመዋል" አለች። "ሰው ደጅ አቁሞ መተኛት ነውር ነው።"

"ተያቸው። ይቁሙ።"

"እዚያ ላይ የጎደለ ትከሻ አለ ሙኔ። አንተ አትሂድ... እኔ እሄዳለሁ።"

ተነሳች። በሁለት እጄ ያዝኳት። እንደ ልጅ አለቀስኩ። አለቅሽም አልኳት፣ ደጋግሜ፣ አለቅሽም። ጥንካሬዋን ልነግራችሁ አልችልም፤ ቀስ እያለች ወደ በሩ ወሰደችኝ።

ከኋላዬ ሀምዳን ጠራኝ። ድምፁ የተሰበረ ነው።

"ሙነወር... ምን ይዘህ ነው?"

ዞሬ አየሁት። መደቡ አጠገብ ተንበርክኳል። ነጠላዋን ስቦ ፊቷን እየሸፈነ ነው። ሀውራ ተኝታለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ አይልም።

እጄ ግን እንደተያዘ ነው።

አልለቀቅኩም። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማየት ስላልቻልኩ እጄን ብቻ አየሁ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ፀሐዩ አረፈበት። ማንም አልያዘውም። ግን ጣቶቼ ከሌሎች ጣቶች ጋር እንደተቆላለፉ ተራርቀው፣ ተጨብጠው፣ ደማቸው ሸሽቶ ነጥተው ነበር።

ከዚያ... ከትንሿ ጣቴ ጀምሮ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው ተለቀቁ።