የኔታ ቃል ያጡ ጊዜ

ዝማሬ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የምታጠናው የሰው ልጅ እንዴት ማሰብ እንደ ጀመረ ነበር። ከባልደረቦቿ አንዱ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ ይመረምራል፤ ሌላዋ የአንጎል ሐኪም ናት። የእሷ ድርሻ ዜማና ትውስታ ነው። ብዙ ዜማ በቃሉ የያዘ ሰው ፍለጋ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት ሄዳ ዲያቆን ህሩይን አገኘችው።

«ረስተው አያውቁም?» አለችው።

«ቃሉ ይጠፋብኛል፤ ዜማው ግን መልሶ ያመጣልኛል» አለና ቀና ብሎ አያት። ዝማሬ የድምፅ መቅረጫዋን ማጥፋት ረሳች።

ለጥናቱ ሦስት ወር ይበቃ ነበር። እሷ ስምንት ወር ተመላለሰች።

መፋቀራቸው ከህሩይ አባት ከመርጌታ ኪዳነ ማርያም ጆሮ ገባ። «ሰውን ከዝንጀሮ የምታዛምድ ምራት አልሻም!» አሉ፣ ዝማሬ ደጁ ላይ ቆማ እየሰማች። ህሩይ መሬት መሬቱን ከማየት በቀር ትንፍሽ አላለም። እንባዋ ሚኒባስ ውስጥ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳችለትም።

በዓመቱ ህሩይ ከስቶ ማራኪ ድረስ መጣ።

«አባቴን፣ የኔታን፣ ግማሽ ጎናቸውን መታቸው። ነገር ይገባቸዋል፤ መናገር ግን አቃታቸው።»

ዝማሬ ቦርሳዋን አነሳች።

ሽማግሌው ሲያዩዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። «የጥምቀቱን ዜማ ጀምርላቸው» አለችው ህሩይን፤ «ንግግር የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዜማ ይቀረዋል።»

ጀመረ። ጥቂት እንደ ሄደ የአባቱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፃቸው ሻክሮ፣ ቃሉ ግን ሳይዛነፍ ወጣ። እንባቸው ጢማቸውን አራሰው።

ዝማሬ ከአንጎል ሐኪሟ ባልደረባዋ ጋር እየተመላለሰች «ውኃ» ማለትን፣ «ልጄ» ማለትን በዜማ አስለመደቻቸው።

አንድ ቀን ህሩይ ሲሸኛት መንገድ ላይ ቆመ። «ያን ዕለት አንደበት እያለኝ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።»

«ጥናቴን አልተውም፣ ህሩይ።»

«ተይ አልልሽም።»

«ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ንገራቸው።»

ሄዶ ነገራቸው፤ በዚህ ጊዜ መሬት መሬቱን አላየም። የኔታ በደኅናው እጃቸው የልጃቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉት።

ፋሲካ እንዳለፈ በተክሊል ተጋቡ። የምርቃት ሰዓት ሲደርስ የኔታ ተደግፈው ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ እምቢ አላቸው። እንግዳው ሁሉ አቀረቀረ።

ዝማሬ እጃቸውን ያዘች። «በዜማ ይበሉት፣ አባቴ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው፣ «ውለዱ፣ ክበዱ» እያሉ አዜሙላቸው።