ወረቀቷን ማን አጠቆራት?

መሬት በማይታይበት ሰፊ ባሕር ላይ አንዲት ቀይ መርከብ ትጓዝ ነበር። መርከቧ ላይ ትርንጎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ነበረች።

የትርንጎ እናት ሥራዋ አየር መመርመር ነው። አየር ደግሞ አይታይም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ አላት።

መሣሪያው ከመርከቧ ፊት በረጅም ቧንቧ አየር ይስባል። «ቩዉዉ! ቩዉዉ!» ሲል ይውላል፤ «ቩዉዉ! ቩዉዉ!» ሲል ያድራል።

የሳበው አየር በአንዲት ክብ ነጭ ወረቀት ያልፋል። አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ወረቀቷ ላይ ይቀራል።

ወረቀቷን በየጠዋቱ የምትቀይረው ትርንጎ ናት። በወረንጦ ቀስ አድርጋ ታወጣትና ጮክ ብላ ትናገራለች።

«ነጭ!»

እናቷም «ነጭ» ብላ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

ሰኞ ነጭ። ማክሰኞ ነጭ። ባሕር መሀል ማን ያቆሽሻታል?

«ትርንጎዬ፣ በወረንጦ ብቻ! በእጅ አይነካም፣ እሺ?»

«እሺ፣ እማዬ።»

ረቡዕ ጠዋት ግን ትርንጎ ዳቦ በማርማላታ በልታ እጇን ሳትታጠብ መጣች። አዲሷ ወረቀት ለስላሳ ትመስላለች። እናቷ ዞር ስትል በጣቷ ነካ አደረገቻት። ትንሽ ብቻ ነው የነካቻት።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቷን ስታወጣ ደነገጠች። ወረቀቷ ጠቁራለች!

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት» አለች በልቧ።

«ምን ሆና ወጣች?» አለች እናቷ።

ትርንጎ ወረቀቷን ሥዕል በምትሥልበት ደብተር ውስጥ ሸሸገቻት።

«ነጭ» አለች በቀጭን ድምፅ።

እናቷም «ነጭ» ብላ ጻፈች።

ትርንጎ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበች። ሌላ ወረቀት ከተተች፤ በወረንጦ ብቻ። «ቩዉዉ! ቩዉዉ!»

ዓርብ ጠዋት ወረቀቷ ከትናንቱም ብሳ ጠቁራ ወጣች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ! ረቡዕ በጣቴ ነካኋት! ትናንትም ነጭ ያልኩት ውሸቴን ነው!» ትርንጎ አለቀሰች።

እናቷ አልተቆጣችም። ወረቀቷን አየች። የትርንጎንም ጣት አገላብጣ አየች።

«ይቺ ጣት ይህን ሁሉ ጥላሸት ከየት ታመጣለች?»

ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ኳ! ኳ! ኳ!

«ጋሽ ሽብሩ፣ ወጥ አርሮብዎት ነበር እንዴ?»

«እኔ ሽብሩ? ወጥ አሳርሬ አላውቅም!» አሉ የመርከቧ ወጥ ሠሪ። ትንሽ ቅር አላቸው።

የመርከቧስ ጭስ? እሱ የሚወጣው ከኋላ ነው፤ ነፋሱም ወደ ኋላ ይወስደዋል።

ከዚያ ካፒቴኑ በመስኮት ብቅ አሉ። «በሬዲዮ ሰማሁ» አሉ። «ከባሕሩ ማዶ፣ በጣም ሩቅ አገር፣ ትልቅ ጫካ እየተቃጠለ ነው።»

«ሩቅ ከሆነ ጭሱ እዚህ ምን አመጣው?» አለች ትርንጎ።

«ነፋስ ነው ያመጣው» አለች እናቷ። «ጭሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ነፋስ ተሸክሞት ባሕር አሻገረው። እዚህ ሲደርስ ሳሳና ከባሕሩ አየር ጋር ተቀላቀለ። እኛ አላየነውም፤ ወረቀቷ ግን ያዘችው።»

«መጀመሪያ የደረሰው መቼ ይሆን?» እናቷ ደብተሯን ገለጠች። ሐሙስ፦ ነጭ ይላል።

ትርንጎ ሮጠች። የሸሸገቻትን የሐሙስ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

«እሰይ የኔ ልጅ! እውነቱን ባትነግሪኝና ይቺን ባታመጪልኝ ቀኑን ተሳስቼ ልቀር ነበር።» እናቷ «ነጭ» የሚለውን ሰርዛ «ጥቁር» ብላ ጻፈች።

ከወረቀቷ ዳር አንዲት ትንሽ የማርማላታ ምልክት ነበረች።

«ይቺ ያንቺ ናት» አለች እናቷ። «የቀረው ሁሉ የጫካው ነው።»

ትርንጎ ለጫካው አዘነች። «ወፎቹስ የት ሄዱ?»

«አላውቅም» አለች እናቷ። እውነቷን ነው፤ አታውቅም።

ከሦስት ቀን በኋላ ዝናብ መጣ። ጠብ! ጠብ! ከዚያ ዷ! አየሩን አጠበው።

በማግስቱ ትርንጎ እጇን ታጥባ ወረንጦዋን አነሳች። ወረቀቷን አውጥታ ከፊት አየቻት፤ ከኋላም አየቻት። አልቸኮለችም።

«ነጭ!» አለች። «እውነቴን ነው፣ እማዬ! ነይ እያት!»

እናቷ ከወንበሯ አልተነሣችም። ፈገግ ብላ «ነጭ» ብላ ጻፈች።