ደብዛዛዎቹ ነጥቦች

ወጣቷ ተመራማሪ ኡሱይ ናኦ ክሪስታል በምታሳድግበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ ጭንቅላቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ ነበር። የጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ ፖሊስ ጊዜ አላጠፋም፤ የላቦራቶሪ ባልደረባዋን ቶጋሺን አሰረ። ዛሬ ማምሻውን የግድያ ክስ ሊመሠረትበት ነው። ማስረጃው ምን ነበር? በተሰበረው ብልቃጥ ላይ የጣቱ አሻራ አለ፤ በዕለቱም ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል። በዚህ ሰው የሚታሰር ከሆነማ ባልና ሚስት ሁሉ ወህኒ ይውረድ!

መርማሪ ሃጋ ሚቹኮ በጥድፊያ የተዘጋ ፋይል ያንገሸግሻታል። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ የእንግዳ ስሊፐር አጥልቃ ወደ ላቦራቶሪው ገባች። አስከሬኑን በማለዳ ያገኙት ረዳት ፕሮፌሰር ካሳይ ከኋላዋ ይከተሏታል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ እሳቸው ግን ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ሲገቡ ወለሉ እርጥብ ነበር?»

«የለም፣ ደረቅ ነበር። ተወልውሎ ነበር። ስብርባሪውም ቅርጫት ውስጥ ነበር።»

«ብልቃጡ ምን ይዞ ነበር?»

«እ... ውሃ ሳይሆን አይቀርም።»

ሃጋ ተንበረከከች። በወለሉ ንጣፎች መጋጠሚያ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ከላይ ሲያዩት የደረቀ ደም ይመስላል፤ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ግን እንደ ተወለወለ መዳብ አብለጨለጨ። ደም እንዲህ ያለ አመል የለውም። ከዚያው ተነስታ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ፣ ወደ ቶጋሺ ሄደች።

«እሱማ ፕላቲኒየም ነው» አላት ቶጋሺ፣ ያየችውን ስትነግረው። «አንዱ አተም ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ፣ ቀጣዩ አራት ያጣ፤ እየተፈራረቁ ይሰለፋሉ። በየመካከላቸው ክሎሪን አለ። ቅላቱ የአንዳቸውም አይደለም። ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ጎረቤቱ ሲዘል ነው የሚመጣው።»

«ውሃ ውስጥስ?»

«ሰልፉ ይፈርሳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ቢያዩት ውሃ ነው የሚሉት። ሲደርቅ ተመልሰው ይሰለፋሉ፤ ያኔ ይቀላል። ይሄ ቀዩ ድሮም የታወቀ ነው፤ ለማነጻጸሪያ ብላ ነው ያዘጋጀችው። ብልቃጡን የሞላነው የዚያኑ ዕለት አብረን ነው።»

«ታዲያ በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

ቶጋሺ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «በፎቶው! የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ኦኖደራ ስም ያተረፉት በጥቁሩ ክሪስታል ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ፕላቲኒየም ሁሉ እኩል ነው፣ ሦስት ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ነው ይላሉ። ናኦ በኤክስሬይ አነሳችው። በደማቆቹ ነጥቦች መሃል ደብዛዛ ነጥቦች ወጡ። አተሞቹ እኩል ቢሆኑ እነዚያ አይኖሩም! እሱም እንደ ቀዩ ሁለትና አራት ነው ማለት ነው። ነገ በሚከፈተው ጉባኤ ላይ እንደምታሳየው ነገረችኝ። እኔ ቆዪ አልኳት። ፈርቼ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ገዳይ ግን አይደለሁም።»

ፕሮፌሰር ኦኖደራ ሃጋን ሻይ አስቀርበው ተቀበሏት። «ያሳዝናል። ጎበዝ ነበረች፤ ግን ችኩል። ያ ደብዛዛ ነጥብ የምትለው እኮ የመሣሪያው ጉድፍ ነው።»

ልጅቷ ገና አልተቀበረችም፤ እሳቸው ሥራዋን ጉድፍ አሉት። ሃጋ ሻዩን ሳትቀምሰው አስቀመጠች።

«ወደ ክሪስታሉ ክፍል ይገባሉ?»

«እኔ? ዓመት አልፎኛል። ለዚያ ልጆች አሉ።»

«ስሊፐርዎ ያምራል። የእኔ ጠበበኝ፤ ላፍታ ቢያውሱኝ?»

«ምን?» የፕሮፌሰሩ ፊት ቀላ። «የእኔን ስሊፐር ማንም አይጫማም! ካሳይ እንኳ አቧራውን ያራግፋል እንጂ እግሩን አያስገባም። እዚህ ቤት ሥርዓት አለ።»

«ሥርዓቱንማ እያየሁት ነው» አለች ሃጋ።

ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዛ መጥታ ስሊፐሩን ወሰደች። ቶጋሺንም በካቴና አስመጥታ ሁሉንም በመሰብሰቢያው ክፍል አስቀመጠቻቸው።

«ብልቃጡ የተሰበረው ናኦ ስትወድቅ ነው» ብላ ጀመረች። «የፈሰሰው ውሃ ይመስላል። ገዳዩ ስብርባሪውን ለቀመ፣ ወለሉን ወለወለ፣ ወጣ። ካሳይ ሲገቡ ደርቋል። እንግዲህ ያንን ፈሳሽ በእርጥቡ የረገጠ ሰው፣ እሷ ስትሞት እዚያው ነበረ።»

ስሊፐሩን ገለበጠችው። በሶሉ ቦዮች ውስጥ ቀይ ነገር ተጋግሯል። መብራቱ ሲያገኘው እንደ መዳብ አብረቀረቀ።

ኦኖደራ ሳቁ። «ልጆቹ በእግራቸው ይዘውት ሲወጡ ኮሪደር ላይ ረግጬው ነዋ!»

«ብናኝ ቢሆን በተራገፈ። ይሄ ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ እዚሁ የደረቀ ነው። መሃሉ ደግሞ ይሄን ይዟል።» በወረንጦ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብርጭቆ መዘዘች። «ከቅርጫቱ ስብርባሪ ጋር አስተያይተነዋል፤ ልክ ገጥሟል። ስሊፐሩን ሌላ ሰው እንደማይጫማው ደግሞ ባለቤቱ ራሳቸው ነግረውኛል።»

ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅርበት። ኦኖደራ ፊቱ አመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ ፕላቲኒየም ያስተማረ ሰው፣ ልጅቷ እግሩ ሥር ስትወድቅ ያየው ውሃ ብቻ ነበር።

«ልገድላት አልፈለግሁም! ፎቶውን ስጪኝ አልኳት፣ እምቢ አለች። ገፋ ነው ያደረግኳት። ዕድሜዬን የለፋሁበት ሥራ ነው!»

«ዕድሜዋን ነው የወሰድክባት» አለችው ሃጋ፤ ካቴናውንም ከቶጋሺ ፈትታ ለእሱ አጠለቀችለት።

ቶጋሺ የተፈታ እጁን እያሸ ወደ ካሳይ ዞረ። «የእርስዎ ቢሮ ከክፍሉ ጎን ነው። ብልቃጡ ሲሰበር አልሰሙም?»

ካሳይ ላባቸውን ጠረጉ። «ሰምቻለሁ። ፕሮፌሰሩ ሲወጡም አይቻለሁ። የማዕረግ እድገቴ... በእሳቸው እጅ ነበር።»

ይህን ብለው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ግንባራቸውን ከወለሉ አገናኙ።

«ለእኔ አትስገድ!» ቶጋሺ ጮኸ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩን ካሳይን አንተ አለ። «ኦኖደራ ፎቶውን ቢያጠፋውም ክሪስታሉ አለ፤ ዛሬውኑ ደግሜ አነሳዋለሁ። ነገ በስሟ የማሳየው እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ታያለህ። ተነስ እንጂ! እሷ እኮ ቆማ ነው የሞተችው!»

ካሳይ ግን ቀና ማለት አቃታቸው።