በግድግዳው በኩል የነጡት ኮራሎች

ለማጣፈጥ ብዬ የጨመርኩት አንድም ነገር የለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ቦታው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር፣ የጋሽ ገብረየስ ሳሎን።

እዮኤል እባላለሁ። አኳሪየም እሠራለሁ፣ እጠግናለሁ። ዓሣ ሲታመም የሚደወለው ለእኔ ነው።

የደወለችልኝ የጋሽ ገብረየስ ልጅ ፍሬሕይወት ነበረች። አባቷ ዕድሜያቸውን በመርከብ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ባሕሩ ናፈቃቸውና ሳሎናቸው ውስጥ በጨው ውሃ አኳሪየም ኮራልና ዓሣ ማርባት ጀመሩ።

"ኮራሎቹ እየሞቱባቸው ነው" አለችኝ በር ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እሳቸው ግን... ግድም የላቸውም።"

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ነው። ሲጨነቅ ቀለሙን ይተፋል። ነጭ አጥንቱ ያገጣል።

ጨውን ለካሁ። ልክ ነው።

ሙቀቱን ለካሁ... ልክ ነው።

መብራቱም ፓምፑም ደህና።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ። የነጡት ሁሉም አይደሉም። በግድግዳው በኩል ያሉት ብቻ ናቸው። ወደ ሳሎኑ የዞሩት ሐምራዊና አረንጓዴ ሆነው ፈክተዋል።

ዓሦቹም ወደ ግድግዳው አይሄዱም። ፊት ለፊት ያለው መስታወት ላይ ተደራርበው ቆመዋል።

አንድ የነጣ ቁራጭ ከነውሃው በባልዲ አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳን አልሞላም... ተኮማትረው የነበሩት ቀጫጭን ጣቶቹ ተዘረጉ።

ችግሩ ውሃው አይደለም ማለት ነው።

ቦታው ነው።

በአኳሪየሙና በግድግዳው መካከል አራት ጣት የምታህል ክፍተት አለች። ባትሪ አብርቼ አጎነበስኩ።

የኋላው መስታወት በውጭ በኩል ጉም ለብሷል።

በጨርቅ ጠረግኩት። ተመልሶ መጣ... ጠፋ... መጣ... ጠፋ።

ልክ እንደ ትንፋሽ።

"ፍሬ... ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምንድን ነው ያለው?"

"ምንም። ግቢው ነው።"

ወጥቼ አየሁ። ፀሐይ ያጋለው ባዶ ግድግዳ።

ስመለስ ጋሽ ገብረየስ ከመኝታ ቤታቸው ወጥተው አኳሪየሙ አጠገብ ቆመዋል።

"አትንካው ልጄ።"

"ጋሼ፣ እዚህ ከቆዩ እኮ ሁሉም ይሞታሉ።"

"ይሙቱ።" ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። "እነሱ እዚህ እስካሉ... ወደ እኔ አያልፍም።"

"ማነው የማያልፈው?"

በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ።

ፍሬሕይወት ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። "እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ያወራሉ" ብላ አንሾካሾከች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "የቀራቸው ነገር ይኼው ነው። በእግዚአብሔር... አድንላቸው።"

እግሬ ውጣ ውጣ ይለኛል። እሷን ደግሞ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ውሃውን በጀሪካን ቀድተን አኳሪየሙን ወደ መመገቢያ ክፍሉ አዛወርነው። ባዶ በቀረው ቦታ ፍሬሕይወት ሶፋ ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ጋሽ ገብረየስ በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን ብቻ ያዩኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋኝ። አንዴ እነሳለሁ፣ አንዴ እቀመጣለሁ...

በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኮራሎቹን ለማየት ሄድኩ።

ድነዋል። ነጩ አጥንት ላይ ቀለም መመለስ ጀምሯል። ዓሦቹም እንደ ልባቸው ይዋኛሉ።

"አባባም ተሻላቸው" አለችኝ ፍሬሕይወት እየሳቀች። "ቀኑን ሙሉ ከሶፋው አይነሱም። መጫወት ጀምረዋል።"

"ከማን ጋር?"

"እንጃ... ለብቻቸው።"

ሰላም ልበላቸው ብዬ ወደ ሳሎኑ አንገቴን አስገባሁ።

ብቻቸውን ናቸው። አላዩኝም። በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቁ። መልስ እንደሚሰማ ሰው ጠበቁ... ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ከሶፋው ብድግ አሉ። እንግዳ ሲገባ እንደሚደረገው።

"ኖር" አሉ፤ ጠጋ ብለውም ቦታ ለቀቁ።

የለቀቁት ቦታ ላይ ያለው ትራስ... ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ።