«ተሟልቷል» የተባለው ትምህርት ቤት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሐምሌ ወር፣ የክልሉ መንግሥት በሱዳኗ ገዳሪፍ ከእርሱ ድጋፍ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ የተማሪዎቹን ቁጥር፣ የመምህራኑን ይዞታና የገንዘቡን አጠቃቀም በየዓመቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አዘዘ። ከዚያ በፊት መምህር የጎደለው ርእሰ መምህር ወደ ቢሮው እየተመላለሰ፣ በሚያውቀው ሰው በኩል ደጅ ይጠና ነበር። ከዚያ ወር ወዲህ ግን መምህር የሚመደበው በሪፖርቱ ላይ በሰፈረው ጉድለት መሠረት ብቻ ሆነ። ሪፖርቱን ርእሰ መምህሩና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ በአንድነት ይፈርሙበታል፤ ሙፈቲሹ፣ ማለትም የክልሉ ተቆጣጣሪ፣ በአካል መጥቶ ያረጋግጣል።

ደንቡ በተለይ ለደካሞቹ ትምህርት ቤቶች የሚበጅ ነበር። በቢሮው ዘመድ የሌለው ርእሰ መምህርም እውነቱን እስከጻፈ ድረስ ከማንም እኩል ተሰሚ ሆነ። ሆኖም ደንቡ ከሰው አንድ ከባድ ነገር ይጠይቃል፤ የራስን ጉድለት በራስ እጅ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለመንግሥት መስጠትን። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ይህን ማድረግ ስላቃታቸው አንድ የተከበሩ ሰውና እርሳቸውን ስላመነች አንዲት እናት ነው።

ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ፣ በረሃብና በጦርነት ዘመን ድንበር ተሻግረው የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነበር። ልጆቹ የሱዳንን ሥርዓተ ትምህርት በዐረብኛ ይማራሉ፤ ከሰዓት በኋላ አማርኛ ይጨመርላቸዋል። መሥራቹ መምህር አክሊሉ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አገሬው ራኩባ በሚለው የሣር ዳስ ሥር፣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሩ እርሳቸው ነበሩ።

ሙሉነሽ ከአርማጭሆ የመጣች፣ በአንድ መጋዘን ሰሊጥ እያበጠረች የምትተዳደር ሴት ናት። ባሏ ወደ ፋው ለጥጥ ለቀማ ሄዶ በወባ ሲሞት፣ ልቅሶውን በግቢያቸው ያስቀመጡላት መምህር አክሊሉ ናቸው። ለሴት ልጇ ብፅአት የሚለውን ስም ያወጡላትም እርሳቸው ናቸው። ሙሉነሽ በከተማው ውስጥ ማንንም ብትጠራጠር፣ እርሳቸውን መጠራጠር ግን በሐሳቧም አልነበረ።

ደንቡ በወጣበት ዓመት ብፅአት ስምንተኛ ክፍል ገባች። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ሸሃዳውን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ የተቀበለ ልጅ መንግሥት ወዳቋቋመው ሁለተኛ ደረጃ ይገባል። ብፅአት ካለፈች ትምህርቷን ትቀጥላለች። ከወደቀች ደግሞ ፋው ምግብ ቤት ያላት አክስቷ ሣህሊቱ ልትወስዳት ቃል ተቀብላለች። ነገሩ በምግብ ቤት ሥራ ብቻ የሚያበቃም አልነበረም፤ ሣህሊቱ ለልጅቷ ትራክተር ነጂ ባል አይታላታለች። ይህን ብፅአት ታውቃለች፤ ስለዚህም ታጠና ነበር።

ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከወላጆች መዋጮ ይከፈለው የነበረው የሒሳቡ መምህር የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ካርቱም ሄደ። ከዚያም ሙፈቲሹ ሊመጣ መሆኑ ተሰማ።

መንደሩ የሚያውቀውን አደረገ። በዚያ ሰፈር ሠርግም ሆነ ልቅሶ ያለበት ቤት አግዳሚ ወንበሩን፣ ምንጣፉንና የውኃ በርሜሉን ከጎረቤት ይዋሳል፤ እንግዳ እስኪሸኝ ድረስ የቤቱ ጉድለት እንዳይታይ ማድረግ የሁሉም ግዴታ ነው። ልማዱ በቦታው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የሠርግ እንግዳ ጉድለት እንዳያይ ይደረጋል፤ ተቆጣጣሪ የሚመጣው ጉድለትን ሊያይ ነው። ይህን ልዩነት በዚያን ቀን ያሰበ አልተገኘም።

ሙሉነሽ አግዳሚዋን ተሸክማ ስትወጣ ጎረቤቷ ዙሌካ ከበሯ ላይ ሆና ጠራቻት።

«የማን ሠርግ ነው፣ ሙሉ?»

«የመንግሥት ነው አሉ። ሙፈቲሽ ይመጣል።»

«ጥሎሹን አስቀድሞ ቢልክ ምን ነበረበት» አለች ዙሌካ፤ የራሷንም አግዳሚ አንስታ ተከተለቻት።

በዚያን ዕለት ማታ ብፅአት እየሳቀች ገባች።

«እማ፣ ሒሳብ ማን እንዳስተማረን ታውቂያለሽ? እንግዳው።»

«የትኛው እንግዳው? የሰሊጡ መዛኝ?»

«እሱ ነዋ። ሙፈቲሹ ከኋላ ተቀምጦ፣ እንግዳው በዚያ በግራ እጁ ጠመኔ ይዞ፣ የመጋዘኑን መለኪያ ቀንጣርን ወደ ኪሎ ሲለውጥልን ዋለ። ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ነው የሠራው፤ ሌላ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«አትሳቂበት። ሥራውን ትቶ ነው የመጣላችሁ። ነገም ይመጣል?»

«እንጃ። መምህር አክሊሉ ‹ለዛሬ ብቻ ነው› አሉን።»

ሙሉነሽ እንግዳውን በልቧ መረቀችው። ጥቂት ቆይቶ ግን የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ባዶ መሆኑን ስትሰማ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። መምህር አክሊሉ እንደ ወትሮው ተነሥተው ተቀበሏት።

«ጽፈናል፤ ጠይቀናል» አሏት። «ዝም አሉን። ለስደተኛ ልጅ ማን ይቸኩላል ብለሽ ነው?»

ይህንኑ ለሌሎቹም ወላጆች ነገሯቸው። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሰሊጡ ተበጥሮ፣ ብርዱ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ፣ ሰፈሩ በየምሽቱ መንግሥትን ሲያማ ከረመ። ልጆቹ ከታላላቆቻቸው የተረፈውን አሮጌ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ያልገባቸውን ቃል በቃል አጠኑ። በዚያው ጊዜ የትምህርት ቤቱ የሣር አጥር ፈርሶ በመንገዱ በኩል የጡብ ግንብና የብረት በር ተሠራ። መምህር አክሊሉ በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ያሠሩት መሆኑን ተናገሩ፤ ወላጆቹም በግንቡ ኮሩ።

ፈተናው በመጋቢት ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ ከስምንተኛ ክፍል ሸሃዳውን ያገኘ ልጅ አልነበረም። ብፅአት በዐረብኛም፣ በሳይንስም፣ በታሪክም ጥሩ ነጥብ ነበራት። የጣላት ሒሳብ ነው። ሣህሊቱ ከፋው ስልክ ደወለች።

«እንግዲህ ዕድሏን ሞከረች» አለች። «ክረምት ሲገባ መጥቼ እወስዳታለሁ። ልብሷን አጥቢላት።»

ሙሉነሽ «ቆይ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ልጇን ከመስጠቷ በፊት መምህር የነፈጋትን መንግሥት ፊት ለፊት ልትጠይቀው ፈለገች። ዐረብኛዋ የመጋዘን ዐረብኛ ነው፤ ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑትን የእህል ነጋዴ ሐጅ ኸይረዲንን ይዛ ወደ ትምህርት አስተዳደሩ ቢሮ ሄደች።

ሙፈቲሹ ሁዜይፋ ውኃ አቅርቦላቸው በጽሞና አዳመጠ። ሙሉነሽ ተርጓሚዋን እየቀደመች ተናገረች።

«ዓመቱን ሙሉ መምህር ለመንናችሁ። መልስ እንኳ ነፈጋችሁን። ልጄ ስደተኛ ስለሆነች ነው?»

ሁዜይፋ ሐጅ ኸይረዲንን አየ፤ ትርጉሙ የተሳሳተ መስሎት ነበር።

«እኅቴ፣ የሒሳብ መምህር እኮ አላችሁ። ሪፖርታችሁ ‹ተሟልቷል› ይላል። እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ረዥም ሰው፣ በግራ እጁ የሚጽፍ። ትምህርቱን ከገበያ ጋር ማያያዙን ወድጄለት ነበር።»

ሙሉነሽ የሰሊጡን መዛኝ እንግዳውን አወቀችው። ሐጅ ኸይረዲን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«‹ይጎድለናል› ብንል ኖሮስ?»

«በዚያ ወር ተመድቦ የሚጠብቅ የሒሳብ መምህር ነበረኝ። ጉድለቱን ለጻፈ ለሌላ ትምህርት ቤት ሰጠሁት። የእናንተ መምህር ደመወዝ ደግሞ ከወላጆች መዋጮ እንደሚከፈል ተጽፏል። ሐጅ፣ ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው» አሉ ሐጅ ኸይረዲን።

ከቢሮው ወጥተው ወደ ሰፈራቸው መንገድ ጀመሩ። ከዚያ ሙሉነሽ ቆመች።

«አነበቡት፣ ሐጅ?»

«አላነበብኩትም። መምህር አክሊሉ የጻፈውን በፊቱ ቁጭ ብሎ ማንበብ እሱን ሌባ ማለት መሰለኝ። ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። ነውር ነው ብዬ ነው፣ ሙሉ።»

«የኔ ልጅ ፋው መሄዷስ?»

ሐጅ ኸይረዲን ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያዙ።

መምህር አክሊሉን ያገኟቸው በአዲሱ የብረት በር አጠገብ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው። ሙሉነሽ ሰላምታውን አላስቀረችም፤ እጃቸውን ግን አልሳመችም። የሰማችውን ስትነግራቸው አልካዱም።

«ምን ላድርግ ኖሯል?» አሉ። «ገመናችንን ጽፌ ለባዕድ መንግሥት ልስጥ? ‹እነዚህ ሐበሾች መምህር እንኳ የላቸውም› ብለው ቢዘጉንስ? ስንት ዘመን የለፋሁበት ቤት ነው። ሙሉ ሆነን እንታያቸው ብዬ ነው። መምህሩም ቶሎ የሚመለስ መስሎኝ ነበር።»

«ደመወዙስ?» አሉ ሐጅ ኸይረዲን።

«ግንቡ ላይ ዋለ። አንዲት ጂኔ በኪሴ አልገባችም።»

«ግንቡን በውጭ ያሉ ተማሪዎች አሠሩት አላልክም?»

ሙሉነሽ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ለእነሱስ ይሁን፤ ባዕድ ናቸው፣ ፈርተዋቸው ነው። እኔን ምን ፈርተው ነው የዋሹኝ፣ መምህር? ‹ጠይቀን ዝም አሉን› ያሉኝ ለእኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያላጠፋ ሰው ስረግም ሰምተውኛል። አንድ ቀን ‹ሙሉነሽ፣ አልጠየቅንም› ቢሉኝ ኖሮ፣ በእግሬ ሄጄ እኔ ራሴ እለምንላት ነበር።»

«ሌባ አይደለሁም፣ ልጄ።»

«ሌባ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ሌባን አላምንም ነበርና።»

መምህር አክሊሉ ሊነሡ ሞከሩ፤ ግን መልሰው ተቀመጡ። ሙሉነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ልጆቻችሁን ለትምህርት ቤት የሰጣችሁ ወላጆችና ትምህርት ቤት የምትመሩ ሰዎች ይህን ጉዳይ በጥሞና እንድትመለከቱት እጠይቃለሁ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የተጎዱት ልጆች ግን አሉ። የትምህርት ቤት ሪፖርት ለእንግዳ የሚነጠፍ ምንጣፍ አይደለም፤ የልጆች ሁኔታ የሚታወቅበት መንገድ ነው። ያልተጻፈ ጉድለት አይሞላም፤ ባልጎደለበት ቦታ መምህር የሚልክ መንግሥት የለምና። ቁጥጥርን እንደ ጠላት ያየ ርእሰ መምህር ሊረዳው የመጣውን ሰው በውሸት ይሸኘዋል። መዋጮ የሰጠ ወላጅም ገንዘቡ የት እንደዋለ መጠየቁ ስድብ አይደለም። ሰብሳቢውም ከመፈረሙ በፊት ያንብብ። የሚከበር ሰው ሥራው ሲነበብ ክብሩ አይቀንስም፤ ሳይነበብ ሲቀር ግን ራሱን ከስሕተት የሚያድነው ሰው ያጣል። መምህር አክሊሉ ያጡት ይህን ሰው ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መምህር አክሊሉ ሐጅ ኸይረዲንን ከሱቃቸው ጠሩ።

«ሁዜይፋ ዘንድ ውሰደኝ» አሉ።

«ምን ልትለው?»

«የሠራሁትን። እንግዳውንም እኔ እንደጠራሁት፣ እሱ ልጆቹን የረዳ መስሎት እንደመጣ። ለአፌ የሚቀለኝ ዝም ብል ነበር። ግን ያቺ ልጅ፣ ስሟን ያወጣሁላት፣ ትናንት በመንገድ አይታኝ መንገዷን ቀየረች።»

«ከቦታህ ያነሡሃል።»

«ያንሡኝ። አንተም በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱን ማንም ቢሰጥህ፣ አንብበህ ፈርም።»

«ጮክ ብዬ ነው የማነበው» አሉ ሐጅ ኸይረዲን። «በእናቶቹ ፊት፣ በአማርኛ።»

በሰኔ መጨረሻ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰቡ። ሣህሊቱም ከፋው መጥታ ከሙሉነሽ ጎን ተቀምጣለች፤ ብፅአት ከሁለቱ ኋላ ቆማለች። መምህር አክሊሉ ከሰው መሐል፣ እንደ አንድ ወላጅ፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁዜይፋ የክልሉን ውሳኔ በዐረብኛ አነበበ፤ ሐጅ ኸይረዲን በአማርኛ ደገሙት።

መምህር አክሊሉ ከርእሰ መምህርነት ተነሥተዋል። ከሐምሌ ጀምሮ አንድ የሒሳብ መምህር በክልሉ ደመወዝ ይመደባል። ከአሁን በኋላ ሪፖርቱም የገንዘቡ ዝርዝርም ከመፈረሙ በፊት በወላጆች ፊት ይነበባል። ያለፈው ዓመት የፈተና ውጤት አይቀየርም። የወደቁት ተማሪዎች ከፈለጉ ስምንተኛ ክፍልን ይደግማሉ፤ ለመመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ አሁን ይናገር።

ሣህሊቱ የሙሉነሽን ክንድ ያዝ አደረገች።

«ይኸውልሽ፣ ሌላ ዓመት» አለቻት በሹክሹክታ። «ልጅቷ ታድጋለች፤ ትራክተር ነጂውም አይጠብቅም። ደግሞስ እነዚህን እንደገና ታምኛቸዋለሽ?»

«አላምናቸውም» አለች ሙሉነሽ። «ሲነበብ ግን እሰማለሁ።»

ተነሥታ ቆመች።

«ብፅአት ስምንተኛን ትደግማለች» አለች።