የጾመው ኪቦርድ

«‹አዎ› የሚለውን ይጫኑት፣ ጋሼ መሳፍንት። ሌላ መላ የለውም» አለች የልጃቸው የትንቢት ጓደኛ ሂዊ።

አቶ መሳፍንት አመልካች ጣታቸውን ከቁልፉ በላይ እንዳንጠለጠሉ ቆዩ። በአሮጌው የሙዚቃ ኪቦርድ ጠባብ መስታወት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ ይነበባል። ሃርድ ዲስኩን ላውቀው አልቻልሁም፤ በላዩ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ላዘጋጀው? ይላል። ከጥያቄው ሥር «አዎ» እና «አይ» የሚሉት ቃላት ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ዕለቱ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ረቡዕ ነበር። እሑድ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ አቶ መሳፍንት አምበር ከተማ ላይ ሠርግ ያጅባሉ። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ሠርግ ማድመቅ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩበት ሥራ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ፣ ሁዳዴ ሲገባ ኪቦርዱን በጋቢ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ ያወጡታል። ሃምሳ አምስቱም ቀን እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። «ሰው እየጾመ እሱ ለምን ይፈስካል?» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዛሬ ግን ቀልዱ ከአፋቸው ጠፍቷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ይህን የሚያህል ያረጀ ዕቃ ሁለት ወር ሙሉ ብርድ ላይ ጥዬው ዲስኩ ደርቆ ቀረ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ባሞቀው ምን ነበረበት!»

«ያረጀ ዲስክ ሲቀመጥ ይደርቃል፤ እውነትዎን ነው» አለች ሂዊ፣ ወለል ወለሉን እያየች።

የአቶ መሳፍንት እኅት ወይዘሮ የብርጓል መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከአራት ዓመት በፊት ለእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አልፎ አያውቅም። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ግን አቶ መሳፍንት ማይክሮፎን ፊት አቁመው እልልታቸውን ቀድተውት ነበር። ኪቦርዱ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በፈለጉት ቁልፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሳምፕለር ስለሆነ፣ እልልታው በቀኝ በኩል ባለው በመጨረሻው ቁልፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አቶ መሳፍንት ያንን ቁልፍ ይጫናሉ። ወይዘሮ የብርጓልን አይተዋቸው የማያውቁ ሴቶች በእልልታ ይመልሱላቸዋል። «እኔ እዚህ ምስር እየለቀምሁ ቁይ ድረስ እልል እላለሁ» ይላሉ እሳቸውም። የእልልታው ሌላ ቅጂ የትም የለም።

«የሚጠፋ ከሆነም ይጥፋ፣ ወንድሜ» አሉ አሁን በሹክሹክታ። «የእኔ ጩኸት ጎድሎ የቀረ ሠርግ አለ?» ሊስቁ ሞክረው እጃቸው አንገታቸው ላይ ወዳለው ጠባሳ ሄደ።

አቶ መሳፍንት ጣታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባባ፣ ይቆዩ! አይጫኑት!» አለች ከኋላቸው የቆመችው ትንቢት። «እስቲ አጥፍተው እንደገና ያብሩልኝ።»

አባቷ ግር ቢላቸውም አጥፍተው አበሩት። መሣሪያው ሲነቃ በመጀመሪያ የሚያሳየው የፕሮግራሙን ቁጥር ነው። ትንቢት ቁጥር መለየት ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ያንን ቁጥር አንብባለች፤ ምንጊዜም አንድ ነጥብ ሦስት ነበር።

አሁን ሁለት ነጥብ ዜሮ ይላል።

ፊቷን ወደ ሂዊ አዞረች። ሂዊ ጫማዋን ማሠር ጀመረች፤ ጫማዋ ግን ማሠሪያ አልነበረውም።

በጾሙ አጋማሽ ቤተሰቡ ታማሚ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ መርጡለ ማርያም ሲሄድ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ እንድትሰጥ ብላ የቤቱን ቁልፍ ለሂዊ የሰጠቻት ትንቢት ራሷ ናት። ከዚያ በፊት ሂዊ «የኪቦርዳችሁ ፈርምዌር፣ ማለቴ ማስነሻ ፕሮግራሙ፣ ሙዚየም መግባት ያለበት እኮ ነው፤ አዲሱን ከኢንተርኔት አውርጄ ልጫንላችሁ» ብላት ነበር። ትንቢትም «አባባ በጾም አያስነካም» ብላ በግልጽ ከልክላታለች።

«ነይ አንዴ ወደ ደጅ» አለቻት።

ከባሕር ዛፉ አጥር አጠገብ ቆሙ።

«በናትሽ አታካብጂው!» አለች ሂዊ፣ ገና ሳትጠየቅ። «ሰርፕራይዝ ላደርጋችሁ ብዬ ነው። አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን ዲስክ አያውቀውም ብዬ በምን ልገምት?»

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ። ያንኑ ጥያቄ ሲያመጣብኝ ደንግጬ አጠፋሁትና ጠቅልዬ መለስሁት።»

«ታዲያ ዛሬ አባባን ‹አዎ ይበሉ› ያልሻቸው ለምንድን ነው?»

ሂዊ ከአጥሩ ላይ ቅጠል ቀንጥሳ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር።

«አዎ ከተባለ ሁሉም ይጠፋል፤ ታውቂያለሽ አይደል?» አለች ትንቢት።

«አውቃለሁ።»

«የእቴቴም እልልታ?»

«ሁሉም ከጠፋ… ማን እንደነካው የሚጠይቅ አይኖርም ብዬ ነው።»

ትንቢት እጮህባታለሁ ብላ አስባ ነበር፤ ጩኸቱ ግን አልመጣም። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። ሂዊ ሒሳብ ወድቃ ቤቷ መግባት በፈራች ጊዜ ያደረችው በዚህ ቤት፣ በእቴቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ያንን ሁሉ ትታ ጠየቀቻት።

«የአባባ ፍሎፒ ዲስክ፣ የድሮው ፕሮግራም ያለበት፣ የት አለ?»

«እሱው ላይ ነው አዲሱን የጻፍሁት። ማርቆስን ሙሉ ብዞር ሌላ ፍሎፒ አጣሁ። ግን የድሮውን መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ ቀድቼዋለሁ፤ እውነቴን ነው።»

«ሂጂ አምጪው።»

ሂዊ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላፕቶፗንና የፍሎፒ ማንበቢያውን ይዛ እያለከለከች ተመለሰች። የድሮውን ፕሮግራም ወደ ፍሎፒው መልሳ ጻፈችና ኪቦርዱ ውስጥ አስገባችው። መሣሪያው እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ረዘም ላለ ጊዜ አጉረመረመ። መስታወቱ ጨለመ፤ ደግሞ በራ። አንድ ነጥብ ሦስት። ቀጥሎ በዲስኩ ላይ ያሉት ድምፆች ስም በረድፍ ወረደ።

አቶ መሳፍንት የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫኑ።

እልልታው ቤቱን ሞላው፤ የቀጠነ፣ የረዘመ፣ ትንፋሽ የማያጥረው። ወይዘሮ የብርጓል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው ደስታነሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ምነው እናንተ ቤት፣ ማን ወለደ?» ሲሉ ተሰማ።

«ኪቦርዱ ተገላገለ በያት!» አሉ ወይዘሮ የብርጓል በሹክሹክታቸው፣ እያለቀሱም እየሳቁም።

አቶ መሳፍንት የሂዊን ትከሻ ያዙ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ! እኔ በገዛ ስንፍናዬ ገድዬው ነበር፤ አንቺ አስነሣሽልኝ። እሑድ አምበር ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ፤ ከባንዱ ጋር ከፊት ነው የምትቀመጪው።»

ትንቢት ጠበቀች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

«ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለች ሂዊ።

አቶ መሳፍንት ጋቢውን እያጣጠፉ «ለከርሞ ግን በጾሙም አበራዋለሁ፤ ዳግመኛ እንዲህ አላጠፋም» ይሉ ነበር።

ትንቢት ከበሩ ጥግ በርጩማ አነሣችና ከአባቷ ፊት ለፊት አኖረችው።

«ተቀመጪ፣ ሂዊ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ የረጋ ነበር። «አባባ፣ ኪቦርዱን ያበላሸው መጾሙ አይደለም። ምን እንደሆነ ሂዊ ትነግርዎታለች።»

ሂዊ አየቻት። ትንቢት ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያም ሄዳ መደቡ ላይ ከእቴቴ የብርጓል አጠገብ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች።